በየስማቸው

ቴሳ ምስጢር መያዝ የማይሆንላት ሴት ናት። የአክስቷ ልጅ ማርገዟን፣ ልጅቱ ገና ለባሏ ሳትነግረው፣ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያዳረሰች እሷ ነበረች። ይህንን ግን ወራቱን ሙሉ በሆዷ ይዛ ከረመች።

አባቷ ዊልፍ በኅዳር መጨረሻ ሰባ ዓመት ይሞላዋል። እሷም ሳታማክረው፣ በኩምብሪያ ተራሮች መሐል ተወልዳ ያደገችበትን የእርሻ ቤት፣ በትክክል ለመናገር የእርሻ ቤቱን የላሞች በረት፣ ለልደቱ ለጥቂት ቀናት ተከራየችለት። በረቱ አሁን በረት አይደለም። ከደቡብ የመጡ ባልና ሚስት ገዝተውት፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብተው፣ ምድጃና ሶፋ አስገብተው፣ የከተማ ሰው እየመጣ የሚያርፍበት የገጠር ጎጆ አድርገውታል። ቴሳ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ስታየው በመጀመሪያ አላወቀችውም ነበር። ከዚያ የበሩን መቃን አየች፤ እጇ ላይ የነበረው ሻይ ጉልበቷ ላይ ተደፋ።

"ሽማግሌ ሰው ድንገተኛ ነገር አይወድም" አላት ባሏ ዳሚየን። "ያንቺ አባት ደግሞ ድንገተኛው ቀርቶ በቀጠሮ የመጣውንም አይወድም።"

"ይሄን ይወደዋል።"

"ባይወደውስ?"

"ባይወደው 'መጥፎ አይደለም' ይላል። ቢወደውም 'መጥፎ አይደለም' ይላል። ምን አስጨነቀህ?"

እውነቷን ነው። የዚያ አገር ወንድ ሠርጉ ሲደገስም ቤቱ ሲቃጠልም የሚናገረው ይህችኑ ነው። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት ለእነሱ የተተረተ ይመስላል። እኔ ግን ከእነሱ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁና ተረቱን አልቀበለውም። ዝምታም እህል ነው፤ ጎተራ ውስጥ ሲከርም ይነቅዛል።

ቴሳ ከዚህ ሁሉ ድካም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለባሏ እንኳ አፍረጥርጣ አልነገረችውም። አባቷ በስሟ እንዲጠራት ትፈልጋለች።

ጠርቷት አያውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ሲጠራት ማዶው ተራራ ሳይቀር ይሰማ ነበር። የእለባ ሰዓት ሲደርስ ዊልፍ የሜዳው አጥር በር ላይ ይቆምና ላሞቹን በየስማቸው ይጠራል። ዱቼስ አሮጊትና መሪ ስለሆነች እሷ ትቀድማለች፤ ከዚያ ሎቲ፣ ከዚያ ፕሪምሮዝ፣ እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻዋ። ላሞቹም በተጠሩበት ተራ ይመጣሉ። ማንም አይነዳቸውም፤ በረቱ ገብታ እያንዳንዷ የገዛ መቆሚያዋ ላይ ትቆማለች። የሁሉም ስም ሲያልቅ ዊልፍ ሳቁን አፍኖ "ቴሳ!" ይላል። እሷም ካለችበት ከጅረቱ ዳር እየሮጠች ትመጣና ፒፒን ከምትባለው ጥጃዋ ጋር እየተጋፋች ትገባለች።

ከዚያ የከብቱ በሽታ አገሩን አጠቃው። ቴሳን ባሕር ዳር ወዳለችው አክስቷ ላኳት። ስትመለስ በረቱ ባዶ ነበር፤ ሜዳው ላይ ሣር የማያበቅል ሰፊ ጥቁር ቦታ ቀርቷል። የመንግሥት ሰዎች መጥተው የታመመውንም ያልታመመውንም ገድለው እንዳቃጠሉ ታውቃለች፤ ይህን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ያልገባት የአባቷ ነገር ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ "አንቺ ልጅ" ሆና ቀረች። "አንቺ ልጅ፣ ሻይ አለ?" "አንቺ ልጅ፣ በሰላም ገባሽ?" እርሻው ተሸጠ፤ ወደብ ያለባት ከተማ ውስጥ ጠባብ ቤት ገዙ፤ ዊልፍም ጡረታ እስኪወጣ ፋብሪካ ውስጥ ዋለ። ስሟ ግን ከአፉ አልወጣም።

እናቷን ጆይስን ስትጠይቃት "ባሕርይው ነው፤ ተይው ልጄ" ትላታለች። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቷ ስትቀበር ቄሱ ዊልፍን አንድ ቃል እንዲናገር ወደ መቃብሩ አቀረቡት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "እሷ ጥሩ ሴት ነበረች" አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። እሷ! ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችውን ሴት፣ እንደ መንገደኛ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠራ አፈር አለበሳት። ቴሳ ያን ቀን የያዘችው ቂም እስከ አሁን አለቀቃትም።

ድምፁ የጠፋው እዚያ ከሆነ የሚገኘውም እዚያ ነው ብላ አሰበች። ሰው የጣለውን በጣለበት ቦታ ሄዶ ቢፈልግ ምን ነውር አለው?

"ምሳ ልንጋብዝህ ነው" ብለው መኪና ውስጥ አስገቡት። ቀኑ ከጧት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ዳሚየን እየነዳ ያወራል፤ ዊልፍ ከኋላ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። የት እንደሚበሉም አልጠየቀም። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው መታጠፊያ ዘንድ ሲደርሱ ቴሳ መኪናውን አስቆመችና የእናቷን የሱፍ ሻርፕ ከቦርሳዋ አወጣች።

"ዓይንህን ልሸፍንህ ነው። ማጭበርበር የለም!"

"ለምን?"

"ልደትህ ነዋ!"

"ልደቴ ነገ ነው።"

"አባዬ!"

ዊልፍ በመስኮቱ ወደ መታጠፊያው አየ። "እሺ" አለ። "ሸፍኚ።"

ሲደርሱ እጁን ይዛ መራችው። ድሮ ጭቃ የነበረው ግቢ ጠጠር ለብሷል። በሩ ጋ ሲጠጉ "ደፍ አለ፣ እግርህን" ልትለው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ቀድሞ ቀኝ እግሩን አነሣ። ደፉ በስንት ዘመን የከብት ኮቴ መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ እግሩ ጎድጓዳው ላይ በልኩ አረፈ። ራሱንም ጎንበስ አደረገ፤ መቃኑ ዝቅ ያለ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ቴሳ በደስታ እልል ማለት ቀራት። እግሩ አልረሳም! ዳሚየንን ዞር ብላ ጠቀሰችው። እጇ ውስጥ የነበረው የአባቷ እጅ ምን ያህል ቀዝቅዞ እንደነበር ትዝ ያላት ኋላ ነው።

"እንኳን ተወለድክ!" ብላ ሻርፑን ፈታችለት።

ዊልፍ ቆሞ አየ። የላሞቹን መቆሚያ ይለዩ የነበሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተፈግፍገው አሉ፤ አንዱ ላይ አበባ ተቀምጦበታል። ሰንሰለቶቹም አልተጣሉም፤ ተወልውለው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ፎጣ ይንጠለጠልባቸዋል። ቴሳና ዳሚየን ምን ይላል ብለው ዓይን ዓይኑን ያያሉ።

"መጥፎ አይደለም" አለ።

የቤቱ ባለቤት ፊሊፓ ከጓዳ ሻይ ይዛ ወጣች። ሰው የምትወድ፣ ፊቷ ቀላ ያለ ሴት ናት። "የድሮው ጌታ እርስዎ ነዎት ለካ! ልጅዎ ስትነግረኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኑ፣ ኑ፣ የማሳይዎት ነገር አለ።" በየክፍሉ በር ላይ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች አሳየችው። ጆይስ ገና ሙሽራ እያለች በሰማያዊ ቀለም የጻፈቻቸው የላሞቹ ስሞች ናቸው። "ጣሪያ ሥር ተጥለው አገኘናቸው። እንግዳ ሁሉ ይወዳቸዋል! እርስዎ ዱቼስ ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ ትልቁ ክፍል ነው። ልጆቹ ፕሪምሮዝ። ሎቲ መታጠቢያ ቤቱ ነው።"

"እንግዲያው እኔ ሎቲ ጋ ደርሼ ልምጣ፤ መንገዱ ረጅም ነበር" አለ ዳሚየን። ሳቁ። ቴሳም ሳቀች።

ዊልፍ ጫማውን እያየ "ሎቲ ሰው አትራገጥም ነበር" አለ። "ሕፃን እንኳ ያልባት ነበር።"

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ፊሊፓ ሻዩን መቅዳት ጀመረች።

ያን ቀን ዊልፍ ቤቱ ውስጥ አልተቀመጠም ማለት ይቻላል። "ዝናቡን ከመኪናው ሆኜ ልስማው" ብሎ ወጣ። እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው። ጧት ቴሳ ሻይ ይዛ ዱቼስ የተባለውን ክፍል ስታንኳኳ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። አባቷን ኮቱን እንደለበሰ መኪናው ውስጥ አገኘችው፤ የእናቷን ሻርፕ እጁ ላይ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

"እዚህ ነው ያደርከው?"

"ጀርባዬ ነው። ለስላሳ አልጋ አይስማማኝም።"

"አባዬ፣ ካልተመቸህ ንገረኝ። እንሄዳለን።"

"ተመችቶኛል፣ አንቺ ልጅ። ቆንጆ አድርገሽዋል።"

ቆንጆ አድርገሽዋል! ይቺ ቃል ለዊልፍ ንግግር ናት፤ ቴሳም ተስፋ አደረገች። ዳሚየን ግን ጓዳ ውስጥ ይዟት ቆመ።

"ሰውዬው እየታመመ ነው። ሻንጣችንን እንዝጋና እንሂድ።"

"አልታመመም። ሊወጣለት ነው።"

"ምኑ ነው የሚወጣለት?"

"እኔ እንጃ! ግን ብጉንጅ ከመፈንዳቱ በፊት ያማል። አንተ አባቴን አታውቀውም።"

"አንቺ የምታውቂው ይመስልሻል" አለ ዳሚየን። ተኳርፈው ተለያዩ።

የልደቱ ኬክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቀረበ። በዚያ አገር በኅዳር አሥር ሰዓት ማለት ጨለማው ከተራራው የሚወርድበት ሰዓት ነው፤ ድሮ የእለባ ሰዓትም ይኸው ነበር። ኬኩን የጋገረችው ፊሊፓ ናት። ላዩ ላይ በስኳር የተሠራች ነጭና ጥቁር ላም ቆማለች። ሻማው ተለኮሰ፤ ተዘመረ፤ ዊልፍ እፍ ብሎ አጠፋና ቢላውን አነሣ። ላሟን እንዳይነካት ዳር ዳሩን ቆረሰ።

"አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች ፊሊፓ ስልኳን እያወጣች። "ልጅዎ ነገረችኝ፣ ላሞቹን በየስማቸው እየጠሩ ያስገቡ ነበር አሉ። አንዴ ቢጠሩልን? እቀርጸዋለሁ። ለሚመጡት እንግዶች ሁሉ ማሰማት እፈልጋለሁ፤ ለቤቱ ትልቅ ክብር ነው።"

"ድምፄ አርጅቷል።"

"ትንሽ ብቻ!"

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ቴሳ ግን ወንበሯን ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች። የመጣችበት ሰዓት ይህ ነው።

"አባዬ፣ እባክህ ጥራቸው። ከዱቼስ ጀምረህ በተራ። መጨረሻ ላይ እኔን።"

ዊልፍ የኬኩን ፍርፋሪ በቢላው ጫፍ ሰበሰበ።

"ልጅ ሆኜ ነው የተውከኝ። ምን አደረግሁህ? እኔ ነኝ በሽታውን ያመጣሁት? ሠርጌ ቀን እንኳ 'እሷን ተንከባከባት' ነው ያልከው ለዳሚየን።"

"ቴሳ፣ በቃ" አለ ዳሚየን።

"አልበቃም! እማዬን ስሟን ሳትጠራ ቀበርካት። እንደ ውሻ! ውሻስ ስም አለው!"

ፊሊፓ ስልኳን ወደ ኪሷ ልትመልሰው ጀምራ መሐል ላይ ተወችው። ዊልፍ ልጁን ብዙ አያት፤ የተቆጣ ፊት አልነበረም። ቢላውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"እሺ" አለ። ትናንት "ሸፍኚ" ባለበት በዚያው ድምፅ ነው ያለው። "ድሮ ከምትቆሚበት ሂጂ። ስምሽን ስትሰሚ ነይ።"

ቴሳ ኮት እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ካፊያ ብቻ ቀርቷል። ሜዳውን በእርጥቡ ሣር ቁልቁል ወርዳ ጅረቱ ዳር ቆመች። ከታች ሆና ስታይ የቤቱ በር ላይ መብራቱ፣ ከፊቱ ፊሊፓና ዳሚየን፣ ከእነሱ ራቅ ብሎ አጥሩ በር ላይ የአባቷ ጥላ ይታያታል። አባቷ በሩን ከፍቶ፣ ከብት እንደሚያሳልፍ ሰው ወደ ጎን ቆሟል። ልቧ እንደ ልጅነቷ ይመታል።

"ዱቼስ!"

ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ድምፅ አልነበረም። ሸለቆው ተቀብሎ መለሰው።

"ሎቲ! ፕሪምሮዝ!"

አንድም ስም አልሳተም። ቴሳ የረሳቻቸው ሁሉ መጡ፤ አንድ ቀንዷ የተሰበረው፣ ሁልጊዜ የምታስለው፣ መንታ የወለደችው። በእያንዳንዱ ስም መሐል ላሟ ደርሳ እስክታልፍ የሚበቃ ያህል ይጠብቃል። ሜዳው ግን ባዶ ነው። ማዶ የጎረቤት በጎች ቀና ብለው አዩና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ስሞቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ አንዴም ተቋረጠ፤ ቴሳ ሊተወው ነው ብላ ደነገጠች።

"ቴሳ!"

ሮጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሞላት ባለ ትዳር ሴት ጭቃው ላይ ተንሸራታ ወደቀች፤ ተነሣች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ዳገቱን ወጣች። ይህን ያህል ዘመን የፈለገችውን አገኘች። አጥሩ በር ላይ ደርሳ "መጣሁ!" ብላ እጇን ልትዘረጋለት ስትል ፊቱን አየችና እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ዊልፍ ባትመጣ በወደደ ሰው ዓይን ነበር የሚያያት።

"መጣሽ" አለ።

"ጠራኸኝ እኮ።"

"እነሱም እንዲህ ነው የመጡት።"

አልገባትም። እሱ የበሩን እንጨት በሁለት እጁ ያዘ፤ ሲናገር ወደ ሜዳው እንጂ ወደ እሷ አላየም።

"ያን ቀን ነጭ ቱታ ለብሰው ሜዳው ገቡ። እንደዚያ ዓይነት ልብስ ከብቶቹ አያውቁ፤ ሽታውም ሌላ ነው። በርግገው ወደ ጅረቱ ሸሹ፤ አንዷ አጥር ላይ ተሰካች። አለቃቸው ልጅ እግር ነው፣ እሱም ያለቅስ ነበር። 'ካልተሰበሰቡልን ከሩቅ በጠመንጃ ነው የምንጨርሳቸው' አለኝ። እየሮጡ፣ እየቆሰሉ። እኔ 'ተዉ፣ እኔ እጠራቸዋለሁ' አልኩ።"

"አባዬ..."

"እዚሁ ቆምኩ። ዱቼስ አልኩ። ጆሮዋን አቀናችና መጣች። የእለባ ሰዓት መሰላት፤ ጡቷ ሞልቶ ነበር። ሎቲ አልኩ፣ መጣች። አንዷ እንኳ አልቀረችም። ገብተው በየቦታቸው ቆሙ። እኔው አሰርኳቸው። ሰውየው ሽጉጡን ይዞ ሲመጣ እንዳይፈሩ ራስጌያቸው ቆሜ ስማቸውን እየጠራሁ አባብል ነበር። እስከ መጨረሻው እኔን ነው የሚያዩት።"

ቴሳ አንድ ነገር ከመጠየቅ ራሷን መከልከል አቃታት። "ፒፒንስ?"

"ፒፒንን አልጠራኋትም። ምናልባት ትቀርልሽ እንደሆነ ብዬ። እሷ ግን የሌሎቹን ስም ስትሰማ ተከትላ መጣች፤ እንደለመደችው። በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ታይ ነበር። አንቺን ነበር የምትፈልገው።"

ካፊያው በጉንጩ ይወርዳል። ካፊያ ብቻ አልነበረም።

"በነጋታው አክስትሽ ቤት ደወልኩ። አንቺ አነሣሽው። አፌን ከፍቼ ስምሽን ልጠራ ብል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። በስሙ ጠርቼ ያመጣሁት ሁሉ ምን እንደሆነ አየሁ። የምወደውን ሰው እንደዚያ መጥራት ፈራሁ። እናትሽ ገብቷት ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ያን ዕለት ቄሱ 'ተናገር' ሲሉኝ ምን ላድርግ? ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ ስም ልጥራ?"

"ትናንትስ?" አለች ቴሳ። "ዓይንህን ስሸፍንህ የት እንደምንሄድ አላወቅክም ነበር?"

"መታጠፊያው ላይ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ምን ነበር 'አልሄድም' ብትለኝ?"

"አንቺ ነበርሽ የምትመሪኝ" አለ ዊልፍ።

በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ያልሰማ የለም። ከበሬው ጋር የዋለው አራጅ ከዚያ በኋላ ምን ይሁን የሚል ተረት ግን አልሰማሁም። ቴሳ አባቷን አቀፈችው። እሱ የአጥሩን እንጨት አለቀቀም፤ እሷም ልቀቀው አላለችም።

"ግሩም ነው!" አለች ፊሊፓ ከቤቱ በር ላይ እየጮኸች። "ሁሉም ገብቷል! ድምፃቸው እንዴት ጥርት ብሎ ወጣ!"

ቴሳ አባቷን መኪናው ውስጥ አስገብታ ወደ ቤት ተመለሰች። እጅግ ባጭሩ ነገረቻቸው። ዳሚየን ትናንት በሎቲ ስም የቀለደውን አስታውሶ አንገቱን ደፋ። ፊሊፓ አመድ መሰለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ማን ነግሯት ታውቃለች? ስልኩን ራሷ ዘርግታ ሰጠቻት።

ቴሳ ከፈተችው። ትንሽ መስኮት ውስጥ፣ በጨለማው፣ ዱቼስ፣ ሎቲ፣ ፕሪምሮዝ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ስሟ ደረሰ። እንደ ድሮው ነበር፤ በቃ እንደ ድሮው።

"አታጥፊው" አላት ዳሚየን ቀስ ብሎ። "ለኛ እንኳ እንላከው። ስምሽን ሲጠራ ሌላ የት ታገኚዋለሽ?"

"የትም" አለች። አጠፋችው።

ያን ምሽት እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሻንጣውን ዘጋ። ፊሊፓ መኪናው ድረስ ወጥታ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። "ሰሌዳዎቹን ልስጥዎት? የእርስዎ ናቸው። አሁኑኑ አውርጄ ላምጣቸው።"

"እዚሁ ይሁኑ" አለ ዊልፍ። "ቦታቸው ነው። የሎቲን ብቻ ከዚያ አንሡልኝ።"

መኪናው ከሸለቆው ወጣ። ቴሳ ከአባቷ ጎን ከኋላ ተቀምጣለች። ጭቃው ጉልበቷ ላይ እየደረቀ ነው። የትልቁ መንገድ መብራቶች ሲጀምሩ ዊልፍ የጆይስን ሻርፕ ከእጁ ላይ ፈታ።

"አንቺ ልጅ" አለ።

ጧት ቢሆን ይህ ቃል እንደ እሾህ ይወጋት ነበር።

"አቤት አባዬ።"

"በርዶሻል። ይሄን ልበሽ።"

"እሺ አባዬ" አለችና ለበሰችው።